የጀሪካኑ ሹራብ

ዲና፣

ጀልዴሳ ያለችው አክስቴ ጋ ሄጃለሁ። አንቺ ለአዲሱ ሥራሽ ደብረ ብርሃን እስክትገቢ አልመለስም።
ቁልፉን ለአከራያችን ለእትዬ የኔነሽ ስጫቸው። ሲሊንደሩን ዝጊ፤ እንደ ልማድሽ ክፍቱን ትተሽው እንዳትሄጂ።
ትናንት በእሳቸው ፊት እናትሽን ማንሳቴ ልክ አልነበረም።
ስለ አንቺ ያልኩት ግን ልክ ነው።

አቦ፣ በድሬ ሙቀት የሱፍ ሹራብ መሥራት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ክሩን ቀፊራ ገበያ ስገዛ ነጋዴው "በዚህ ሙቀት ማን ታሞ ነው?" ብሎ ስቆብኛል። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም ክሩ ላብ በላብ የሆነ እጄ ላይ እየተጣበቀ ሠራሁት። ደረቱ ጠበበሽ፤ ተርትሬ እንደገና ጀመርኩ። የወፈርሽው አንቺ፣ የተቀጣሁት እኔ። "እዚያ ብርዱ ይገድለኛል" ብለሽኝ ነበራ!

ሰው የመጠጥ ውኃው እንዲቀዘቅዝለት ጀሪካኑን በረጠበ ጆንያ ይጠቀልላል። አንቺ በሹራቤ ጠቀለልሽው። ስጠይቅሽም ሳታፍሪ "ሱፍ ውኃ ይይዛል" አልሽኝ።

እውነትሽን ነው፣ ወላሂ። ከመውጣቴ በፊት ቀድቼ ጠጣሁ። እንዲህ የቀዘቀዘ ውኃ በዚህ ቤት ጠጥቼ አላውቅም።

ስለዚህ ሹራቡን እዚያው መስኮቱ ላይ፣ ጀሪካኑ እንደለበሰው ትቼዋለሁ። ከፈለግሽ አውልቀሽ ይዘሽው ሂጂ።
እጅጌዎቹን ግን ከትከሻው ቆርጬ ወስጃቸዋለሁ።
ጀሪካን እጅ የለውም።

ቀመሪያ