የአባትሽ የልደት ዳቦ

ለምወድሽ ልጄ ለሌሊሴ፤ በዚያ በስዊድን ብርድ የጌታ እጅ ካንቺ አይለይ። ሹራብ ደርቢ። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ናይሮቢ ሁርሊንግሃም የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቻለሁ።

አገር ቤት ተደብቀን ስንጸልይ፣ የቀበሌ ሰዎች ከመጡ «ልደት ነው» እንድንል ጠረጴዛው ላይ ዳቦ እናስቀምጥ አልነበር? አባትሽ በሹክሹክታ ሲጸልይ፣ አንቺ አሜን ሳይባል ጠርዙን ትገምጪ ነበር። ልማድ ሆኖብኝ እዚህም ዓርብ ዓርብ ዳቦ አስቀምጣለሁ። አከራዬ ማማ ዋንጂሩ ድንገት ገብታ «የማን ልደት ነው?» ብትለኝ፣ ደንግጬ «የባሌ» አልኳት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣችና «ባልሽ በየሳምንቱ ነው እንዴ የሚወለደው?» አለች። ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። በእምነቱ እንደታሰረ፣ እንዲፈታልኝም ስጸልይ ዓመታት እንዳለፉ ነገርኳት። ወዲያው ተንበርክካ እየጮኸች ትጸልይ ጀመር። «ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰሙናል!» ብላት፣ «ታዲያ እንዲሰማን አይደል የምንጸልየው?» አለችኝ።

መልሱ ገና አልመጣም፤ እኔም አልተውኩም። ጌታ ያበርታሽ ልጄ። አንቺም ዓርብ ዓርብ ዳቦ ቁረሺ፤ ስትጸልዪም ድምፅሽን አትቀንሺ። አባትሽ የመጣ ቀን ልደት ነው ብንል አንዋሽም።

እናትሽ ጌጤ