ጥግ የሌለው ሰማይ

ከማሌ፣

ሰላም እልሃለሁ እንጂ እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ እሱን አላህ ያውቃል። ከተለየኸኝ ዛሬ አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ዒዳዬ ትናንት አለቀ፤ በሐዘን ቤት የተቀመጥኩበት ቀን ሞላ። ትምህርት ቤቱም የታገሠኝ እስከዚያ ነው። ላንተ የተሰጠን የመንግሥት ቤት ለሚመጣው መምህር ስለሚፈለግ እስከ ቅዳሜ ልቀቂ ተብያለሁ። ወደ ሳጉሬ፣ ወደ እናቴ ልመለስ ነው።

ልብሱ ታስሯል። ባቡርህንም ከነሐዲዱ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ያስቸገረኝ ከባቡሩ ኋላ ያቆምነው የእንጨት ሰማይህ ነው። በበሩ አልወጣ አለ፣ ከማሌ! ስናስገባው ዝርግ ነበር፤ ያጎበጥነው ቤት ውስጥ ነው። አንተ ሒሳብ አስተማሪ፣ እኔ ልብስ ሰፊ፤ ሥራችን መለካት ሆኖ በሩን ሳንለካ ቀረን።

ለእርሻ ሥራ ወደ አሰላ የመጣው ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ያንን በቁልፍ የሚጠመዘዝ የልጆች ባቡር የሰጠህ ቀን ፊትህ እንዴት እንደበራ! የድሬዳዋ ልጅ አይደለህ፣ የባቡር ጩኸት እየሰማህ ያደግህ። ያን ሰሞን እናቴ "ከማል ቤቱ ባቡር ተከለ" የሚል ወሬ ሰምታ፣ በሳጉሬ ወፍጮም ባቡር ይባላልና ወፍጮ መስሏት፣ አንድ ጆንያ ገብስ በአውቶቡስ ጣራ ጭና ላከችልን። መመለሱን አፍረን በሰው ወፍጮ አስፈጭተን ዱቄቱን ሰደድንላት። "የልጄ ባል ባቡር አሳምሮ ይፈጫል" ብላ መረቀችህ። እስካሁን እውነቱን አታውቅም።

ሐዲዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተህ ከኋላው ሰማይ ያስፈልገዋል አልክ። ግድግዳውን ሰማያዊ ቀባው ብልህ የክፍሉን ጥግ አሳየኸኝና "ሰማይ እኮ ጥግ የለውም" አልከኝ። ስለዚህ ሰማያችን ጥጉን ሸፍኖ፣ ጎበጥ ብሎ ማለፍ ነበረበት። መጀመሪያ ካርቶን ሞከርክ፤ የአሰላ ጉም ገብቶበት አበጠ። ቀጥለህ የእኔን አቡጀዲ ወስደህ ወጠርክ፤ በር በተከፈተ ቁጥር ሰማዩ ይርገበገባል። ላሜራው እንደፈለግኸው ጎበጠልህ፣ ግን መስኮቱን መልሶ ያሳያል፣ ጠዋት ጠዋትም ያልበዋል። ሳቅኩብህ፤ ተቆጣህ። በመጨረሻ ስስ ኮምፔንሳቶ አመጣህና በውኃ እያራስን፣ በገመድ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየሳብን እናጎብጠዋለን አልክ። "እንጨት ይለመናል እንጂ አይገደድም" ያልከኝ ያኔ ነው።

ግማሽ መንገድ ጎብጦ ሳለ ሆስፒታል ገባህ። ገመዱን ለእኔ አደራ ሰጠኸኝ፤ በቀን አንድ ጣት ብቻ። ልጠይቅህ በመጣሁ ቁጥር ስለ ሕመምህ ሳይሆን ስለ ሰማዩ ታወራኛለህ። አንድ ቀን ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠርቶ ጉበትህ ተስፋ እንደሌለው ነገረኝ። በቀን አንድ ጣት እያልኩ እንደማልደርስ ገባኝ። ቤት ገብቼ የፈላ ውኃ ደፋሁበትና ገመዱን ባለኝ ጉልበት ሁሉ ሳብኩት። አይተኸው ባትሄድ እንኳ ማለቁን ሰምተህ እንድትሄድ ብዬ ነው። ቋ! ብሎ ከላይ እስከ መሀሉ ተሰነጠቀ።

በማግስቱ "ደረቀ?" አልከኝ። "ደረቀ፤ ጭረት እንኳ የለበትም" አልኩህ። እጄን ጨብጠህ ዓይንህን ጨፈንክ። ከሦስት ቀን በኋላ ቀበርንህ።

ዋሸሁህ፣ ከማሌ። በመጨረሻዎቹ ቀኖችህ ዋሸሁህ! አራት ወር ሙሉ ከዚያ ስንጥቅ ፊት ለፊት ተቀምጬ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ ሸኘሁ። ሰው ላንተ ብቻ የማለቅስ ይመስለዋል። ኮላ ሞላሁበት፤ ደርቆ ረገፈ። ሌሊት ከቀን ይቅር በለኝ እላለሁ። ማንን ልጠይቅ? ይቅር የሚለኝ አንተ ነበርክ፣ አንተ ደግሞ የለህም።

ዛሬ ጎረቤታችን አናጺው ጋሼ ወርቁ መጥተው ሰማዩንም በሩንም ለኩ። "አይ ልጄ፣ ከመቁረጥ በቀር መላ የለውም። ደግነቱ እዚህ ጋ ተሰንጥቆ እኩሌታውን ጨርሶልናል" አሉኝ። ደግነቱ! መጋዙን ከእጃቸው ቀማኋቸው። መለኪያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ነገ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። መጋዙ አሁን ጭኔ ላይ ነው። ሌላ ሰው አይነካውም፤ የሰነጠቅኩት እኔ፣ የምቆርጠውም እኔ ነኝ።

ሁለቱን ግማሽ ሳጉሬ ወስጄ አጋጥማቸዋለሁ። አንተ የመረጥከውን ሰማያዊ ቀለም እቀባቸዋለሁ፤ መገጣጠሚያውን ግን አልደፍነውም። ባየሁት ቁጥር አንተንም ውሸቴንም አስታውሳለሁ፤ አንዱን ለመርሳት ስል ሌላውን እንዳልረሳ ቃሌ ይኸው። ሰማይ ጥግ የለውም ብለኸኝ ነበር። እኔም የለኝም፣ ከማሌ። ጥጌ አንተ ነበርክ።

ያንተው ዘይነባ