ከመዳቡ ነው ከገባበት?

ጥር 2፣ ቅዳሜ

የባለ ወፍጮውን የዋቅወያን የተቃጠለ ሞተር በአዲስ መዳብ ሽቦ ጠምጥሜ ጨረስኩ። ወገቤ አለቀ። ከሰዓት ሊሊሴ መጣች፤ እንደ ልማዷ በርጩማውን በእግሯ ስባ ተቀመጠች። የእህቴ የድርቤ ልጅ ናት፤ ኤሱማ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ ትለኛለች። እዚሁ ነቀምት ፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የተማረችውን ለእኔ ትነግረኛለች። አርባ ዓመት መዳብ ስጠመጥም ውስጡ ምን እንደሚሄድ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

"ኤሱማ፣ ኤሌክትሮኖቹ ይሽከረከራሉ እንበል፤ ግማሾቹ ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ። ከረንቱ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቀኞቹ በአንዱ ጠርዝ፣ ግራዎቹ በሌላው ይሰበሰባሉ። ያለ ማግኔት!"

"ማን አጣላቸው?"

"ጥያቄውኮ እሱ ነው። ወይ የብረቱ የራሱ ጠባይ ነው፣ ወይ ውስጡ የገባ ባዕድ አተም እየገጫቸው።"

የእሷ ጥናት መዳብ ነው። ንጹህ መዳብ ኤሌክትሮኖቹን እምብዛም አያጣምምም አለች፤ ቢስሙዝ የሚባል ሌላ ብረት ጠብ ሲልበት ግን ያጣምማል። በምን ይለያል? "ባዕዱን ቀንስ፣ ጨምር። መጣመሙ ካልተለወጠ ከራሱ ነው።"

ለመምህሮቿ የምታሳይበት ጣውላ ሥራልኝ አለች። ዘንበል ያለ፣ ምስማር የተተከለበት፤ ምስማሮቹ እንደ ባዕዶቹ አተሞች ናቸው። እየሾረች የምትለቀቅ ኳስ ምስማር ስትነካ ወደ ጎን ትታጠፋለች፤ ምስማሩ ሲነቀል ቀጥ ብላ ትወርዳለች።

"ቀልድ የለም ታዲያ!"

"እኔ? መች ቀልጄ አውቃለሁ?"

ጥር 6፣ ረቡዕ

ጣውላው አለቀ። ምስማሮቹ ተነቃይ ናቸው። ግን... ጠርዞቹን በመላጊያ አሳስቼ መሃሉን እንደ በሬ ጀርባ ትንሽ ከፍ አደረግኩት። በዓይን አይታይም። ምስማር ኖረም አልኖረ ኳሷ በሾረችበት በኩል ትንሸራተታለች። ቅዳሜ እዚህ ስትሞክረው ፊቷን ማየት ነው! ከዚያ ቀጥ አድርጌ እልገዋለሁ። ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ ጂሬኛ በአጥሩ በኩል "ደህና ነህ?" አለኝ።

ጥር 8፣ ዓርብ

ጉቶ ጊዳ ገጠር የውሃ ፓምፕ ስሠራ ዋልኩ። ስመለስ ጣውላው የለም።

"ሊሊሴ በባጃጅ መጥታ ወሰደችው። የምታቀርብበት ቀን ዛሬ ሆነ አለች" አለ ጂሬኛ።

ደወልኩ። ዝግ ነው። ደወልኩ... ዝግ።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

መጣች። በር ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

"ምስማሮቹን ነቀልኩ። 'አሁን ቀጥ ትላለች' አልኩ። ሦስት ጊዜ ለቀቅኳት፤ ሦስቴም ተጣመመች። ሳቁ፣ ኤሱማ። አንዱ መምህር 'ታዲያ ባዕዱ የታለ?' አለኝ። ከዚያ በኋላ የራሴን ቁጥር ማንበብ አቃተኝ።"

"ልነግርሽ ነበር እኮ... ዛሬ..."

"አውቃለሁ። አንተ ሁልጊዜ 'ልነግርሽ ነበር' ነው የምትለው።"

ጣውላውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሄደች።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

አልመጣችም። ሻይ ለሁለት አፍልቼ ነበር።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ድርቤ ከኑኑ ቁምባ ደወለች። ሰላምታም የለ።

"አንተ ጆቴ! ልጄ እንደገና አቅርቢ ቢሏት 'ትቼው እመጣለሁ' እያለች ነው። ብርቄን በቀልድህ አባረርክ። አሁን ደግሞ ልጄን?"

ሚስቴ ብርቄ... ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት። ከረንት የገደለኝ አስመስዬ ወለል ላይ ተዘርግቼ ጠበቅኳት። ስነሳ አልሳቀችም። ዕቃዋን ሰበሰበች።

ይሄ የቀልድ ነገር ከየት ነው የመጣብኝ? ጓደኛ ነው ያስለመደኝ? እንደ ሊሊሴ ልሞክረው። ከአሥር ቀን በላይ ሰው አልገባብኝም፤ ንጹህ መዳብ ሆኛለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን አንዱን የተቃጠለ ሞተር "አንተ ሰነፍ፣ ሚስትህ ናት እንዴ የጠበሰችህ?" ስለው ራሴን ስቀልድ ያዝኩት። ማንም ሳይኖር። ከራሴ ነው ማለት ነው።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ጣውላውን ተሸክሜ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። ሮቤራ ይባላል፤ በዕድሜ ልጄ ቢሆን ነው። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም" አልኩት። ይቆጣል ስል መሃሉን በጣቱ ዳሰሰው፤ ኳሷን እያሾረ ደጋግሞ ለቀቃት።

"ይሄማ ፕላቲነም ነው! ፕላቲነም የሚባለው ብረት ባዕድ ሳይገባበትም በተፈጥሮው ያጣምማል። ይሄን እንዳይነኩት። ቀጥ ያለ ሌላ ይሥሩላት፤ እኔ አነጋግራታለሁ።"

ጥር 27፣ ረቡዕ

አዲሱ አለቀ። ውሃ ልክ አራት ጊዜ አስቀመጥኩበት። እጄን በላኝ... ጫፉን ትንሽ ብቻ... አልነካሁትም። ሁለቱንም በባጃጅ ላክሁላት። መልስ የለም።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ሮቤራ ደውሎ ቢነግረኝ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሊሊሴ፣ ያቺ ባለፈው የተሳቀባት ልጅ፣ ሁለቱን ጣውላዎች ጎን ለጎን አቆመች። "ይሄ መዳብ ነው" አለች። ምስማሩን ነቀለች፤ ኳሷ ቀጥ አለች። "ይሄ ደግሞ ፕላቲነም።" ያለ ምስማር ታጠፈች። የሳቀ የለም። ከዚያ ወደ ቁጥሮቿ ገባች፤ ማንም አላስቆማትም።

"ጣውላዎቹን ማን ሠራልሽ?" አላት አንዱ መምህር።

"ኤሱማዬ። ያውላችሁ፣ ከኋላ።"

ሁሉም ዞረ። ምላሴ ላይ አንድ ቀልድ ነበረች፤ ግሩም ቀልድ። ዋጥኳት።

ፈተናውን አለፈች። እኔን ሳታናግረኝ ከጓደኞቿ ጋር ወጣች። ይሁን።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

መጣች! በርጩማውን በእግሯ ስባ ተቀመጠች። ይቅርታ ልላት ስጀምር "ሮቤራ ነግሮኛል። ሻይ የለም እንዴ?" አለች። የሥራ ጋዋኔን አውልቄ ሻይ አፈላሁ፤ ስጨርስ እሷው አለበሰችኝ። ስትሄድ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። እኔም ልቤ ሞልቶ ገበያ ወጣሁ። ሽንኩርት የምትሸጠው ሳቀች። ባጃጅ ነጂው ሳቀ። ጂሬኛ እንኳ ሳቀ። ምን ሆነዋል?

ቤት ገብቼ ጋዋኔን ሳወልቅ ጀርባው ላይ በትልልቁ በጠመኔ ተጽፎበታል፦ ፕላቲነም።

አላራገፍኩትም፤ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ይሄስ ቀልድ ከየት መጣባት? የባዕድ አይመስለኝም።