እንግዳ ፊት ያልጮኸው ደወል

አዘዞ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ለዳኛው፤ ጁባ

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው። በስልክ እንዳልነግርህ ድምፄ ይከዳኛል። ልጃችን ሚስጥር ቀኝ እጇን አጣች፤ ከአንጓው ላይ ተቆረጠ። ነፍሷ ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለእሷ ስል የምለምንህ ነገር ስላለ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

እኔና ሚስጥር የምንሠራበት የሰሊጥ ማበጠሪያ ፋብሪካ ለጥራት ሽልማት መወዳደሩን ነግሬህ ነበር። መጀመሪያ ስቄበት ነበር፤ ሰሊጥ ያው ሰሊጥ ነው ብዬ። ግን ውድድሩ ብዙ ነገር ለወጠ። ድሮ "ማኪናው ተበላሽቷል" ያለ ሰው ምላሰኛ ይባል ነበር። ዘንድሮ ደወል ተሰቀለ። ጉድለት ያየ ሁሉ ገመዱን ይስባል፣ ደወሉን የሰማ ባለሙያ ማኪናውን ያቆማል፣ ማንም አይቆጣውም። ጠዋት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ይበልጣል ራሱ መጥቶ "ትናንት ምን አስቸገራችሁ?" ይለናል። ሰው የሆንን መሰለን፣ ዳኛው።

ገምጋሚዎቹ የመጡ ዕለት፣ ማንም ሳያዘን፣ ከሠራተኞቹ አንጋፋው አያ አላምረው ደወሉን ውስጡን በጨርቅ ጠቀጠቀው።

"እንግዳ ፊት ገመና ይጮኻል እንዴ? ነውር ነው!" አለ።

ሁላችንም "ሸጋ ነው" አልን።

እንግዶቹ ምሳ ላይ ሳሉ የሕሊና ሻሽ ማኪናውን በሚያዞረው ቺንጋ ተጠለፈ። አጠገቧ የነበረችው ሚስጥር ገመዱን ሳበች። ዝም። ደግማ ሳበች። ጓደኛዋ ስትታነቅ ብታይ እጇን ሰደደች። ሕሊና ተረፈች። የኔን ልጅ እንግዶቹ እንዳያዩ በጓሮ በር አወጧት፤ እኔም ደሟን በነጠላዬ ሸፍኜ አብሬ ሮጥኩ።

ፋብሪካው አሸነፈ ተባለ። ከሽልማቱ በፊት ገምጋሚዎቹ ለማጣራት ሲመለሱ ሚስጥር ልትነግራቸው ተነሣች። በር ላይ ያዝኳት።

"ምነው ልጄ፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። እንጀራችን እዚያው ነው" አልኳት።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እማዬ" ብላኝ ሄደች።

አንዷ ገምጋሚ ስትሰማ አለቀሰች። "ደወሉ እኛ ፊት ቢጮህ ኖሮ፣ እሱን ብለን ነበር የምንሸልማችሁ" አለች። ሽልማቱ ቀረ። ይበልጣል ግን ቺንጋውን በብረት መከለያ አሸፈነ፤ ደወሉን የነካ ይባረራል አለ። እንግዲህ የሌላ ሰው ልጅ እጇን አታጣም። ሰዉ ግን "ሽልማታችንን አስነጠቀችን" ብሎ አኩርፎናል። የሕሊና እናት እንኳ ቤተ ክርስቲያን ስታየን ፊቷን ታዞራለች። ያቺን ሴት እንዴት ይቅር እንደምላት አላውቅም።

ሚስጥር ግድግዳ ስታይ ትውላለች። "አባቴ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር?" ትለኛለች። እሑድ ደውልላት። ስለ እጇ አትጠይቃት። "ደግ አደረግሽ" በላት። እኔ ብላት አታምነኝም፤ በር ላይ የያዝኳት እኔ ነኝና።

የአዘዞው ተክለ ሃይማኖት በሰው አገር ክፉ አያሳይህ፤ ጤና ሆነህ በደጃችን ያቁምህ።

ባለቤትህ ወለላ