የነቢዩ አራት መስመር የሕይወት ታሪክ

ለክቡር መጋቢ ዶክተር ሌስሊ ኦፖኩ ዳርኮ
የ«ጸጥ ያለው ማዕበል» ቤተ ክርስቲያን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ
ሴኮንዲ

ክቡር ሆይ፣

የነቢይ አሞጽ ኤሹንን ስም ስልኩ ላይ ጽፎ የፈለገ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ ያልቀረው አንድ ጥያቄ አለ፤ እሁድ በመጣ ቁጥር መንገድ የሚዘጋ ሕዝብ ያላቸው ሰው፣ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ሲደርሱ ስለ ምን አራት መስመር ብቻ ሆኑ? ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። አራቱን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አምስተኛውን የሰረዝኩትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ በቅርቡ ለተተከለው የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ሳይቀር፣ የማያቋርጥ ጤና እየተመኘሁ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ስሜ ኩኩዋ ምቢያ ይባላል። አምና በታሪክ ትምህርት ተመርቄ፣ የብሔራዊ አገልግሎት ዓመቴን በከተማችን ቤተ መጻሕፍት እየጨረስኩ ነው። አንባቢ ብዙም ስለማይመጣ፣ ማንም ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ የባሕር ጠረፋችንን ሰባኪዎች ታሪክ እጽፋለሁ። የሚከፍለኝ የለም። ስጀምር አገር የማቀና መስሎኝ እንቅልፍ አልነበረኝም። አሁን ጠዋት ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ።

በሕይወት ስላለ ሰው ሲጻፍ ደንቡ አጭር ነው፤ ታትሞ የወጣውን፣ እሱም ከባለጉዳዩ እጅ ነጻ የሆነውን ብቻ መጻፍ ነው። ክፉም ይሁን ደግ፣ ምንጭ የሌለው ይሰረዛል። ደንቡን እወደዋለሁ፤ ሰው በጎረቤት ወሬ እንዳይሰቀል ይጠብቃል። ቅሬታዎቼም ከዚሁ ደንብ የሚነሡ ስለሆኑ በተራ እንዳቀርባቸው ይፍቀዱልኝ።

፩. ቢሮዎ የላከልኝን ባለ ብዙ ገጽ የሕይወት ታሪክ በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ነቢዩ በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ እንደዘመሩ፣ ሦስት የዶክትሬት ማዕረግ እንዳላቸው፣ ከሦስቱ አንዱን የሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግን አድራሻው ለሰው ልጅ ገና እንዳልተገለጠ ተረድቻለሁ። ነጻ ምንጭ ብጠይቅ ከአምስት ጋዜጦች የተቆረጠ ዜና ላኩልኝ። አምስቱም እስከ ነጠላ ሰረዛቸው ድረስ አንድ ናቸው። በሦስተኛው ላይ «ፎቶውን እባካችሁ ከላይ አድርጉት፣ ባለፈው አሳንሳችሁታል» የሚለው የቢሮዎ ማሳሰቢያ ከዜናው ጋር አብሮ ታትሟል። እንዲህ ያለ ግልጽነት በዘመናችን ብርቅ ነውና አመሰግናለሁ።

፪. በጠዋቱ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ «ተቀናቃኛችን፣ ከሐይቁ ማዶ ያለው ፓስተር፣ የገዛት ልጅ» ብለው ስለጠሩኝም አመሰግናለሁ፤ ከዚያ በፊት ይህን ያህል የሚያወጣ ዋጋ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከነቢዩ ስም ቀጥሎ «ሌባ» እያለ ሲጽፍ፣ እየተከተልኩ ሳጠፋ የኖርኩት እኔ መሆኔን ግን ምናልባት አልሰሙም ይሆናል። ምንጭ አልነበረውማ! የወንድሜ ሚስት ይህን ስታይ «አንቺ፣ ነቢዩ ስንት ነው የሚከፍሉሽ? እኛንም ቅመሱ በይን እንጂ!» ትለኛለች። ነቢዩ በሁለት መንደር ያስቆፈሩትን የውሃ ጉድጓድም ከወረዳው ምክር ቤት ሪፖርት ውስጥ ፈልጌ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቢሮዎ በማኅፀኑ መዝሙር ተጠምዶ ስለነበር ውሃውን ረስቶት ነበር።

፫. አሁን ወደ ባልዲው እመጣለሁ።

እማማ ኤፉዋ ባሕሩ ዳር ዓሣ በጭስ አድርቀው የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። ልጃቸው አጆዋ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ በክኒን ተይዞላት ገበያ ትውል ነበር። አምና ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ነቢዩ ሕሙማንን አሸዋው ላይ ሰብስበው «መድኃኒት የያዘ እጅ እምነትን በምኑ ይይዛል?» ብለው ባልዲ አዞሩ። አጆዋ ክኒኗን ባልዲው ውስጥ ጨመረች። ባልዲው ባሕር ውስጥ ተደፋ። በዝናቡ ወራት ማድቤት ውስጥ ብቻዋን ሳለች ጣላት፤ አልተነሣችም።

ነቢዩ ገደሏት ብዬ አልጻፍኩም፤ አልጽፍምም። ያን ያለ ሐኪም የለም፤ ያን የፈረደ ፍርድ ቤትም የለም። የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ የሕሙማን መድኃኒት ተሰብስቦ ባሕር ውስጥ ተደፋ የሚል። ቢሮዎ ምንጭ ጠየቀ። አየን የሚሉ ዓሣ አጥማጆች እንጂ የታተመ ምንጭ አልነበረኝም፤ ጋዜጦቹ በዚያ ሳምንት የጻፉት ስለ ነቢዩ አዲስ ካባ ነበር። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን በገዛ እጄ ሰረዝኩት። እርስዎ ትክክል ነበሩ። እንኳን ደስ አለዎ።

እማማ ኤፉዋ ማንበብ አይችሉም፤ ባለፍኩ ቁጥር ግን «ጻፍሽው?» ይሉኛል። ሰረዝኩት አልኳቸው። «ለምን?» የታተመ ነገር የለማ፣ እማማ። «እንዴ! ከተማው በሙሉ በዓይኑ አይቶ?» ማየት ብቻውን አይበቃም። «ነቢዩ ያስቆፈሩት ውሃስ?» እሱ ተጽፏል። አንድ ረድፍ ዓሣ ገለበጡ። «እንግዲህ የእሳቸው ውሃ ሲጻፍ የኔ ልጅ አትጻፍም። ጎሽ፣ ተምረሻል።»

 

፬. ቢሮዎ ምንጭ የለም ብሎ ቢያበቃ ኖሮ እኔም በዚሁ አበቃ ነበር። እርስዎ ግን በቸርነትዎ፣ ለእኔ በግል በላኩት መልእክት፣ አንድ ነገር ጨመሩ፤ «በተባለው ማክሰኞ ዓሣ አጥማጆቹ በሙሉ ባሕር ላይ ስለነበሩ፣ አየን ማለታቸው ፈጠራ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ከባሕር ርቃ ያለችው የኩማሲ ሰው ነዎት፤ ከባሕር ጋር የተዋወቁት በሹመት ስለሆነ አይፈረድብዎትም። በእኛ ጠረፍ ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው። ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ማክሰኞ ታንኳ የገፋ ሰው በታንኳ አለቃው ፊት ቀርቦ ይቀጣል። በዚያ ቀን ወንዱ ሁሉ አሸዋው ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጠግናል። ነቢዩ የዚህ አሸዋ ልጅ ናቸውና ሕዝብ የሚገኝበትን ቀን አሳምረው ያውቃሉ፤ ማክሰኞን የመረጡትም ለዚሁ ነበር።

መልእክትዎን ለመረብ ጠጋኞቹ አነበብኩላቸው። ወጣቶቹ በሳቅ ተንከባለሉ። የታንኳ አለቃው ግን አልሳቁም። «ማክሰኞ ባሕር ላይ ነበሩ አለን? እኛን? ንገሪው ልጄ፤ ሰካራም ይበለን፣ ዕዳ የማይከፍሉ ይበለን፣ ይህን ነገር ግን በአፉ እንዳይደግመው!»

እኔ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እንዲደግሙት ልለምንዎ ነው የመጣሁት።

ለእኔ በግል የላኩት መልእክት ምንጭ አይሆንም። ይህም ደብዳቤ ምንጭ አይሆንም፤ በነገሩ ውስጥ ስላለሁበት እኔው ራሴ አልቀበለውም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንዎ በማኅተሟና በፊርማዎ ማስተባበያ ብታወጣ፣ ጋዜጦቹ እንደ ልማዳቸው እስከ ነጠላ ሰረዙ ያትሙታል። የታንኳ አለቃውም መልስ እሰጣለሁ ብለዋል፤ ማክሰኞ ባሕር ገብታችኋል የተባለ የታንኳ አለቃ የሚሰጠውን መልስ የማያትም ጋዜጣ በዚህ ጠረፍ የለም። ያን ጊዜ እኔ በደንቡ መሠረት፣ ሁለቱንም ወገን በእኩል ሚዛን፣ የእናንተን ከፊት አድርጌ እጽፋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ መድኃኒት ባሕር ውስጥ ተደፍቷል መባሉን አስተባብላለች፣ ዓሣ አጥማጆቹ ግን አይተናል ብለዋል። ይኸው ነው። ስድብ የለበትም፣ ፍርድ የለበትም። የምፈልገው አምስተኛ መስመር ይህ ብቻ ነው፤ ሊሰጡኝ የሚችሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት።

እባክዎ ቃሉን አያሻሽሉት። «ማክሰኞ» የሚለውን በተለይ አያውጡብኝ። ሌሎች ነገሩን የምታውቁ፣ በዚያ ቀን ፎቶ ያነሣችሁ፣ በየትኛውም ወረቀት ላይ ታትሞ ያያችሁ ካላችሁም፣ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፤ ወንበር ሞልቷል።

የእርስዎን ማስተባበያ በናፍቆት የምትጠባበቅ፣ ለነቢዩ ረጅም ዕድሜ፣ ለዶክትሬቶቻቸው አድራሻ፣ ለብዕርዎም ድፍረት የምትመኝ ትሑት አገልጋይዎ፣

ኩኩዋ ምቢያ
የከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ ሴኮንዲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማስተባበያው ቢታተምም የአጆዋ ስም ገጹ ላይ እንደማይገባ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ፤ ደንቡ ታዋቂ ያልነበረን ሰው ስም ይሸሽጋል። ስለዚህ በዚህ በኩል ቢሮዎ አይስጋ። ይህን ለእናቷ ገና አልነገርኳቸውም፤ አቃተኝ። ማጽናናት የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነውና ሄደው ቢነግሩልኝ ውለታዎን አልረሳም። ከቀብሩ ጀምሮ ከእናንተ አንድም ሰው ደጃቸውን አልረገጠም፤ ለዚህኛው ምንጭ የሚጠይቁኝ አይመስለኝም።