አሰልጣኙ ዘንድ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ውድ የዘካሪያ አባት፣

አልሐምዱሊላህ፣ ልጅህ ሥራውን አገኘ። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነብ እንዳትቆጣ ነው። በስልክ ብነግርህ ገና ሳልጀምር "ቆይ፣ ምን አድርገሽ ነው?" ብለህ ታቋርጠኛለህ። ስለዚህ ቡታጅራ ለምትመጣው ለዙሀራ ደብዳቤ እሰጣታለሁ፤ አባትህ አጠገብ ቁጭ ብለህ ረጋ ብለህ አንብበው።

ነገሩ የመጣው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ዘካሪያ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወትበት የነበረው ኮሌጅ፣ ኳስ ይዘው የሚሮጡትን ልጆች የሚያሰለጥን ሰው ፈለገ። የእሱን የራሱን ቦታ ማለት ነው። አፕላይ አደረገ። ግን ታውቀው የለ፣ ጉልበቱ ከተጎዳ ወዲህ ዋናውን አሰልጣኝ አኩርፎ፣ ደህና ሁን እንኳን ሳይል ነው የወጣው። ሰውየው ሲደውልለት አያነሳም። ይኸው ሲታክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ከረመ። "ሂድና ይቅርታ በለው" ስለው፣ "ማሚ፣ እዚህ አገር እንደዛ አይደለም" አለኝ። እንዴት ነው ታዲያ? ከተኳረፉት ሰው ሥራ መጠየቅ የት አገር ነው ያለው?

ሶ፣ ሽማግሌ ላክሁ።

አትሳቅ። ቡሪየን ሰፈር ያሉትን ባለሱቅ ጋሽ ገብረጊዮርጊስን፣ አጎቴን ሐጂ ሙዘሚልን፣ ለማስተርጎም ደግሞ ታክሲ የሚነዳውን አማረን። "ሥራ እንዳትለምኑ፣ እርቅ ብቻ" ብዬ ቃል አስገብቼ ነው የላክኋቸው። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ቢሮው ገቡ። አሰልጣኙ ወንበር አቀረበ፤ እምቢ አሉ። እኛ ጉዳያችን ሳይፈጸም መቼ እንቀመጣለን? ሰውየው ግን ሊከሱት የመጡ መስሎት የኮሌጁን ጠበቃ ኮል አደረገ። ጠበቃዋ መጥታ፣ እነሱ ሲቆሙ አፍራ እሷም ቆመች። አማረ ላቡን እየጠረገ፣ "አንተ ከልጁ ጋር ካልታረቅህ እነሱ አይቀመጡም" ብሎ አስረዳ። የዚያን ቀን ቁርጥ ያለ መልስ ሳያገኙ ተመለሱ።

ዘካሪያ ይህን ሲሰማ የወረደብኝን ውርጅብኝ አልነግርህም። "በቃ ማሚ፣ ገደልሽኝ" ብሎ በሩን ዘጋብኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ፈራሁ። በገዛ እጄ የልጄን እንጀራ ዘጋሁበት ብዬ እህል አልወርድ አለኝ። ያኔ ስትደውል ጉንፋን ይዞኛል ያልኩህ ለዚህ ነው።

በማግስቱ አሰልጣኙ ራሱ ሲታክ ሆቴሉ በር ድረስ መጣ።

"ሥራውን በሽማግሌ አልሰጥም፣ እንደ ሌሎቹ ትፈተናለህ" አለው። "ግን እነዚያ ሽማግሌዎች እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ቆመውልሃል። ስልኬን ለምንድን ነው ያላነሳኸው?"

ልጅህ አለቀሰ። "መሮጥ የማይችል ሰው ምን ያደርግልሃል ብዬ ነው" አለው። እዚያው የሰው መኪና ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ተቃቀፉ።

ከዚያ ተፈተነ፣ አለፈ፣ ሥራም ጀመረ። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ግን "እኛ ነን ያስቀጠርነው" እያሉ ለሱቃቸው ደንበኛ ሁሉ ያወራሉ፤ ተዋቸው፣ ደስ ይበላቸው።

ትናንት ዘካሪያ ከሥራ ሲመለስ ጉልበቱን ያሻል። ደነገጥኩ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ምንም። ብዙ ስለቆምኩ ነው።"

አንድ ተጫዋቹ እግሩን ተጎድቶ፣ ከቡድኑ ወጥቻለሁ ብሎ፣ ማንንም አላናግርም ብሎ ክፍሉ ተቀምጧል አሉ። ዘካሪያ ሄደ። ልጁ በዓይኑ ወንበር አሳየው።

"እስክታናግረኝ አልቀመጥም አልኩት" አለኝ ልጅህ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

"አናገረህ ታዲያ?"

"መጨረሻ ላይ። ነገ ይመጣል።"

እኔን ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ውኃ አሙቄ ጉልበቱን አሸሁለት፤ እግሩን ዘርግቶ ታሸልኝ።

ድሮ ሲጫወት፣ ሲመቱት ላለማየት ከስታዲየሙ ውጭ ቆሜ ጨዋታው እስኪያልቅ ዱዓ አደርግ እንደነበር ታስታውሳለህ። በዚህ ቅዳሜ ጨዋታ አላቸው። ልጄን የሚመታው የለም። ገብቼ እቀመጣለሁ።

እፎይ ያለችው ባለቤትህ፣
ቢልቂስ
ሲያትል