ካውያ ያረፈባት እጅ

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ ታላቄ ባትሆኚ ኖሮ ግን ዛሬ ጆሮሽን ይዤ ለምጎትትሽ ለእህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ ተሻለሽ? የእማዬ ጉልበትስ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ጥርስ ልታወጣ ነው መሰለኝ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፤ የአባቷ ጆሮም አልቀረላትም። እንግዲህ ሰላምታዬን ስላደረስኩ ወደ ንዴቴ ልሂድ። በስልክ ያላወራሁሽ እንደምጮህብሽ ስለማውቅ ነው፤ ስጮህ ደግሞ አባዬ አጠገብሽ ሆኖ ይሰማል።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። «የላክሽው ካርድ መንገድ ላይ ተጎድቶ፣ እብጥብጥ ብሎ ነው የመጣው፤ ግን አይዞሽ፣ ለአባዬ ከመስጠቴ በፊት ስስ ጨርቅ አልብሼ በካውያ ደህና አድርጌ ተኮስኩልሽ፤ አሁን ቀጥ ብሏል» ብለሽ ጽፈሻል። ይባስ ብለሽ ደግሞ «ለዚህ እንኳ ምስጋና አያስፈልግም» የምትል ጨምረሽበታል። ምስጋና! እታለም፣ ደሜ ፈላ። ወረቀቱን አስቀምጬ ክፍሉን ዞርኩት፣ ተመልሼ አነበብኩት፤ ያው ነው፣ ተኩሰሽዋል።

አባዬ ሲሰፋ አንቺ ስትተኩሺ ነው ያደግነው፤ ከልብስ ስፌት ቤታችን ደጃፍ የሚወጣ ጨርቅ ሁሉ በካውያሽ ሥር ያልፋል። ይህ ይገባኛል። ካልሲ ስትተኩሺ አይቻለሁ፣ የጫማ ክር ስትተኩሺ አይቻለሁ፤ አንድ ቦታ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ብታገኚም አትምሪውም። ግን የሰው ፖስታ ከፍቶ ውስጡ ያለውን ካርድ የሚተኩስ ፍጡር ከአንቺ በስተቀር ማን አለ?

ካርድ እሠራለሁ ስልሽ ማተሚያ ቤት የተቀጠርኩ መስሎሽ ይሆናል። እኛ አናትምም። ረጅም ጠረጴዛ ከበን የምንቀመጥ ሴቶች ነን፤ ሥራችን በእጃችን ነው። ወረቀቱ ብራና ይመስላል፤ ብርሃን ያሳልፋል፣ ጠንካራም ነው። በጀርባው ገልብጠን ለስላሳ ነገር ላይ እናነጥፈውና ጫፏ ድቡልቡል በሆነች ብረት ቀስ እያልን እናሸዋለን። ከተጫንሽው ይቀደዳል። በስሱ ደጋግመሽ ስታሺው የታሸው ቦታ እየነጣ ይሄዳል፤ በፊት ለፊቱ በኩልም ከፍ ከፍ ይላል። ሥራው እሱ ነው እኮ! እብጥብጥ ያለው መንገድ ላይ ተጎድቶ አይደለም፤ እብጥብጥ እንዲልልኝ ነው አንገቴ እስኪደርቅ ያቀረቀርኩት። እንዲያ በካውያ የሚስተካከል ቢሆን አለቃዬ እኛን ሁላችንን አባርራ አንቺን ትቀጥርሽ ነበር።

ያ ካርድ ደግሞ የደንበኛ ትእዛዝ አልነበረም። ልጄ በተወለደች ሳምንት፣ እንቅልፍ ሲጥላት ጠብቄ ጭብጧን ቀስ ብዬ ፈለቀቅሁና ቀኝ እጇን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ በእርሳስ ዞርኩባት። ከዚያ ጣቶቿን፣ የመገጣጠሚያዎቿን እጥፋት፣ እነዚያን የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ጥፍሮቿን ሳይቀር አንድ በአንድ እያሸሁ አወጣኋቸው። ስጨርስ እርሳሱን አጠፋሁት። ቀለም አልቀባሁትም፣ ጽሑፍም አልጻፍኩበትም፤ ምክንያቱም እንዲታይ አልነበረም የሠራሁት። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ አባዬ ሰውን የሚያየው በእጁ አይደል? ደውዬ «የልጅ ልጅህን እጅ ልኬልሃለሁ፣ ሰላም በላት» ስለው እንዴት እንደሳቀ ብትሰሚው! «እንግዲህ ጥፍሬን ልከርከም፣ እንዳልቧጭራት» አለኝ።

ካርዱ የደረሰ ሰሞን ደወልኩለት። «ደርሶኛል ልጄ፣ ያምራል» አለኝ፤ ድምፁ ግን ቀዝቅዞብኛል። «አውራ ጣቷን አገኘሃት? ምን ታክላለች በለኝ!» አልኩት። እሱም «ልዋሽሽ አልፈልግም። ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት፣ ገልብጬም ዳሰስኩት፤ ወረቀት ነው እንጂ ሌላ ነገር አላገኘሁም። እህትሽ አጠገቤ ቆማ የሕፃኗ እጅ ቁልጭ ብሎ ይታያል ትላለች። ጣቶቼም ከዱኝ ማለት ነው» አለኝ። እኔም ሥራዬ የተበላሸ መስሎኝ ስንት ጊዜ ራሴን ረገምኩ!

አንቺ ያየሽው ነጩን መስመር ነው። ካውያ እብጠቱን ደፈጠጠው እንጂ ንጣቱን አላጠፋውም። ዓይን ላላችሁ ለእናንተ ምንም አልጎደለ፤ ከሰው ሁሉ መርጠሽ ከአባዬ ብቻ ነጠቅሽው። አንጀቴን ያሳረረኝ ይሄ ነው።

ይህም አልበቃ ብሎ ደብዳቤሽ ግርጌ ላይ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ «አባዬ ሰሞኑን ቁልፍ መስፋት ትቷል፤ ጨርቅም አልለይም ይላል፤ ሱቅ ይመጣና ተቀምጦ ይውላል፤ እርጅና ነው» ብለሻል። እርጅና አይደለም! ዓይኑ ጠፍቶ እንኳ ሱፉን ከጥጡ፣ ውስጡን ከላዩ በጣቱ እየለየ ቁልፍ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ የተሰፋውን አንቺው ስትተኩሺ ኖረሻል። ካርዱ በደረሰ ሰሞን መርፌ የጣለ ሰው እርጅና በአንድ ሌሊት ያዘው ብለሽ ታምኛለሽ? ቅስሙ ነው የተሰበረው። የቀረው የጣቶቹ ዳሰሳ ብቻ ነበር፤ ያም ጠፋብኝ ብሎ ተቀምጧል፣ አንቺ ደግሞ አጠገቡ ሆነሽ ኮሌታ ትተኩሻለሽ።

ትናንት ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ደውዬ ነገርኩት። ሳቀና «አይዞሽ፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ እህትሽን አትወንጅያት፤ እሷ ለጨርቅ የምትጠነቀቅ ልጅ ናት» አለኝ። ሌላ ልሥራልህ ስለውም «አትልፊ ልጄ፤ አንዴ ሞክሬዋለሁ፣ ይበቃኛል» ብሎ ስልኩን ለእማዬ ሰጣት። ስለዚህ እኔን አያምነኝም። ከአንቺ አፍ መስማት አለበት።

ማታውኑ የሠራኋት ሌላዋ ካርድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሁለት ካርቶን መሐል ታስራ መጥታልሻለች። አትፍቺያት፤ እሱ ይፍታት። የመጀመሪያዋ እጅ ግን አይደለችም። እሷ ከእንግዲህ የለችም፤ ልጄ አድጋለች፣ መዳፏ ሞልቷል፣ የእጅ አንጓዋ ላይ እጥፋት አውጥታለች። ስዞርባት እየሳቀች እርሳሱን ስለቀማችኝ ትንሿ ጣቷ ተንሻፋ ወጥታለች፤ አላስተካከልኳትም። የተወለደችበትን ሳምንት እጇን አባዬ መቼም አይነካውም። እዚህ ላይ ደብዳቤውን አቋርጬ አለቀስኩ፤ ስጨርስ ግን ንዴቴ አልበረደም።

በይ እንግዲህ፣ እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ብርድ ላይ እንዳትቀመጥ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝና ይህቺ ካርድ አባዬ እጅ እስክትገባ ድረስ ካውያውን እንዲደብቀው አደራ ብላሃለች በይው። ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ አክስታችሁ የተቆጣችው በእናታችሁ ነው በያቸው። ባሌም ሁላችሁንም ሰላም ብሏል፤ አንቺን ግን እንደኔ አልተቆጣሽም፣ ይስቃል።

ለአባዬ ሰላምታዬን አታድርሺልኝ። ከእኔ ሰላምታ የአንቺ ቃል ይቅደም። ሥራሽን አቁሚና አጠገቡ ተቀመጪ፤ ሁለቱንም እጆቹን ያዢና «አባዬ፣ ጣቶችህ ደህና ናቸው፤ እጇን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» በይው።

ታናሽ እህትሽ
ከካርድ መሥሪያ ክፍላችን፣ ኅዳር 12 ቀን